ሜዳውን አትናቁት፦ በማንቶቫና በፖ ወንዝ ዳር ስለሚደረግ የብስክሌት ሽርሽር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልን። በጉዞ ዓምዳችሁ በሰሜን ጣሊያን ወንዝ ዳር በብስክሌት ስለ መንሸራሸር ያወጣችሁትን ጽሑፍ በኮምቦልቻም በደሴም ብስክሌት የምንጠግንና የምንነዳ ሰዎች ተቀባብለን አንብበነዋል። ከተሞቹን አሳምሮ ገልጿል፤ በዚያ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን አገሩ ሜዳ ስለሆነ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ለለመደ ጉልበት ምንም አይደለም የሚል መንፈስ ስላለበት ነው። ይህን አምኖ የሄደ ሰው በሁለተኛው ቀን መቀመጥ አቅቶት ብስክሌቱን በባቡር ጭኖ ይመለሳል። ሜዳ የራሱ አበሳ አለው፤ የዳገት አበሳ ስለማይመስል ደግሞ ዳገት የለመደ ሰው ሲመጣበት አያየውም።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። የፖ ወንዝ ከሞንቪዞ ተራራ ተነሥቶ 652 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አድሪያቲክ ባሕር ይገባል፤ በጣሊያን ከእሱ የሚረዝም ወንዝ የለም። ከጋርዳ ሐይቅ የሚወጣው የሚንቾ ወንዝ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ የማንቶቫን ከተማ በሦስት ሐይቆች ከከበበ በኋላ ጎቬርኖሎ አጠገብ ከፖ ጋር ይገናኛል። ማንቶቫ ከባሕር ጠለል በላይ 19 ሜትር ብቻ ናት። ከሐይቁ አፍ ከፔስኪዬራ እስከ ማንቶቫ በሚንቾ ዳር የተዘረጋው የብስክሌት መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዚያ ሁሉ ርቀት የሚወርደው 50 ሜትር አካባቢ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ወደ 600 ሜትር እንደሚወረድ ማስታወስ ይበቃል።

ለጀማሪ የምንመክረው ዙር አጭር ነው። ከማንቶቫ ተነሥቶ በሚንቾ ግራ ቀኝ ወደ ፒዬቶሌ፣ ከዚያ ወደ ጎቬርኖሎ፣ የፖን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሳን ቤኔዴቶ ፖ፣ ከዚያ ድልድዩን መልሶ ተሻግሮ በእርሻ መንገዶች በባኞሎ ሳን ቪቶ በኩል ወደ ማንቶቫ መመለስ። በጠቅላላው 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ዙሩ በዚህ አቅጣጫ ቢሆን ይሻላል፤ ገላጣው የወንዝ ዳር ግድብ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ያልቃል፣ ምሳው ሳን ቤኔዴቶ ላይ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዛፍና መንደር ባለበት መንገድ ይመለሱታል። ተገላቢጦሹን የመረጠ ሰው ግድቡ ላይ የሚደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ ግድብ ላይ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው እግሩን ፔዳል ላይ አሳርፎ ነው የሚወርደው። ሥራው የፍሬን ነው። ዳገቱን ሲመለስ ደግሞ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ይገፋል፣ መቀመጫውን ለቆ ቆሞ ይረግጣል፤ ሳያስበው አካሉን ያፈራርቀዋል። ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ መፈራረቅ የለም። 50 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢነዱት 200 ደቂቃ ነው። በደቂቃ 75 ጊዜ ከረገጡ 15,000 ዙር ፔዳል ይሆናል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት አቀማመጥ፣ በአንድ ዓይነት ጉልበት፣ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጦ። የሚጎዳው ሳንባ አይደለም፤ መቀመጫ፣ መዳፍ፣ አንገትና ጉልበት ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ሳለ ማንም አያደርገውም፦ በየ10 ደቂቃው ለ20 ረገጣ ያህል ከመቀመጫ መነሣት፣ መሪውን የሚይዙበትን ቦታ መቀያየር፣ በየሰዓቱ ወርዶ መቆም። ካልደከመኝ ለምን እቆማለሁ የሚል ሰው ማታ ላይ ጣቱ ደንዝዞ ሹካ መያዝ ያቅተዋል።

ሁለተኛው አበሳ ነፋስ ነው። የሜዳ ዳገቱ ነፋስ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፤ እንዲያውም ዳገት ጫፍ አለው፣ ነፋስ ግን የለውም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከፊቱ 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቢገጥመው ደረቱን የሚመታው አየር 35 ነው። አየር የሚገፋበት ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ጫናው ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለደሴ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በደሴ ከፍታ 0.95 አካባቢ ነው። ስለዚህ ማንቶቫ ላይ የሚገፉት አየር ራሱ ከሩብ በላይ ይከብዳል። እርግጥ እንደ ልብ ይተነፈሳል፣ ከደጋ የሄደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጉልበቱ የጨመረ ይመስለዋል። ያ ስሜት ነው በከባድ ማርሽ አስረግጦ ጉልበት የሚያስይዘው። ማርሹን አቅልሎ እግርን ማፍጠን ይሻላል፤ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ልክ እንደ ዳገት ማርሽ መቀነስ እንጂ ፍጥነቱን አላስነካም ብሎ መታገል አያዋጣም። ክርንን አጥፎ ዝቅ ማለት ከማንኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ይጠቅማል።

ብስክሌቱን በተመለከተ፣ ከዚህ ይዞ ከመሄድ እዚያ መከራየት ይቀላል። ማንቶቫና ፔስኪዬራ ላይ አከራዮች አሉ፤ መያዣ በካርድ የሚጠይቁም ስላሉ አስቀድሞ ማጣራት ነው። ለዚህ መንገድ የእሽቅድምድም ብስክሌት አያስፈልግም። ፓራፋንጎ ያለው፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ጎማው ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ የከተማ ብስክሌት በቂ ነው። ስምንት ማርሽ ካለው ይተርፋል። ሲረከቡ ሦስት ነገር ይታይ።

አንደኛ ፍሬን። እዚያ በብዛት የግራው እጀታ የፊት ፍሬን ነው፤ እኛ ጋ ግን ብስክሌቱ እንደመጣበት አገር ይለያያል። ሳይወጡበት እየገፉ አንድ በአንድ መሞከር ነው፤ ቀኝ እጁን የፊት መስሎት የለመደ ሰው በድንገት ግራውን ጨምቆ በመሪው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል።

ሁለተኛ ቫልቭ። ኮምቦልቻ ያሉት ብስክሌቶች በብዛት የመኪና ዓይነት ወፍራም ቫልቭ አላቸው። እዚያ የሚያገኙት ብዙውን ጊዜ ቀጭኑ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሎን ያለው፣ ፕሬስታ የሚባለው ነው። ያ ትንሽ ብሎን ሳይፈታ ፖምፓ ቢደረግበት ነፋስ አይገባም፤ ፈትቶ አንድ ጊዜ ጫን አድርጎ ጢስ ካስባሉት በኋላ ይነፋል። የነዳጅ ማደያ ኮምፕረሰር ደግሞ በቀጥታ አይገጥመውም፤ የጣት ጫፍ የምታህል የነሐስ መቀየሪያ ታስፈልጋለች፤ ዋጋዋ ከቡና አይበልጥም፣ ትያዝ። መለዋወጫ ከመነዳሪ ከዚህ ገዝቶ የሚሄድ ካለ ይተው። እኛ ጋ የተለመደው 26 ቁጥር ነው፣ እዚያ ያለው 28። ለጊዜው ወጥሮ ማስገባት ቢቻልም ስለሚሳሳ ቶሎ ይበሳል፤ ከዚያም በላይ ለቀጭን ቫልቭ የተበሳ ቸርኬ ወፍራሙን አያስገባም፤ ቀዳዳው 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎማው ጎን ላይ 40-622 ወይም የመሰለ ቁጥር ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው። ያንን ቁጥር ለሻጩ ማሳየት ነው።

ሦስተኛ የነፋስ መጠን። እዚህ የምንለካው በፒኤስአይ ነው፣ እዚያ ፖምፓው ላይ የተጻፈው ባር ነው። አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ። 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከ70 እስከ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ3 እስከ 3.5 ባር ይበቃዋል፤ ከ44 እስከ 51 ፒኤስአይ አካባቢ መሆኑ ነው። የእኛ አገር ጎሚስታ ጎማ በጣት ሲጫን ድንጋይ ካልሆነ አይለቅም፤ ያ ልማድ ማንቶቫ ላይ ያስቀጣል። ምክንያቱ የከተማዋ ድንጋይ ነው። የእኛ ኮብልስቶን ተጠርቦ ፊቱ ጠፍጣፋ ይደረጋል። የማንቶቫ አሮጌ መንገዶች ግን ከወንዝ በተለቀመ፣ የዶሮ እንቁላል በሚያህል ድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው፤ ዝናብ ሲነካቸው ሳሙና ይሆናሉ። በአንዳንዱ መንገድ መሀል ለመሀል ለጋሪ ጎማ የተዘረጋ ጠፍጣፋ የድንጋይ ሰሌዳ አለ፤ በእሱ ላይ መሄድ ይቻላል፤ ከእሱ የሚወጡት ግን የፊት ጎማውን ሰበር አድርገው እንጂ በዝግታ እየታከኩ መሆን የለበትም። ጎን ለጎን የሚታከክ ጎማ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ መሪውን ይነጥቃል። የባቡር ሐዲድም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር እንጨምር። ጣሊያንኛ አላውቅም የሚል የኮምቦልቻ ልጅ ጋራዥ አጠገብ ካደገ ያውቃል። ጎማ እዚያም ጎማ ነው። ፍሬን ፍሬኖ፣ ካቴና ካቴና፣ ፖምፓ ፖምፓ፣ ማስቲሽ ማስቲቼ፣ ቸርኬ ቼርኪዮ፣ ኩሽኔታ ኩሺኔቶ፣ ፒንሳ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ ካቻቪቴ፣ ፓራፋንጎ ፓራፋንጎ። ከመነዳሪ የምንለው ካሜራ ዳሪያ ከሚለው ነው፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። ፖርቶ መጋላ ፖርታባጋሊ ነው፤ ዕቃ ተሸካሚ። ጎሚስታ የሚል ሰሌዳ አይቶ የሚገባ ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ እዚያ የመኪና ጎማ ሠሪ ነው። ብስክሌት የሚሠራው ቺክሊስታ ወይም መካኒኮ ዲ ቢቺ ይባላል።

ወደ መንገዱ እንመለስ። የፖ ሜዳ በግድብ የታጠረ አገር ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ አርጂኔ የሚባል፣ ከቤት ጣሪያ የሚስተካከል የአፈር ግድብ ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተዘርግቷል። ጎርፉን የሚይዘው እሱ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1951 ግድቡ ተሰብሮ የፖሌዚኔ አካባቢ በሰፊው ተጥለቅልቋል። የብስክሌት መንገዱ የሚሄደው በዚህ ግድብ ጀርባ ላይ ነው። መኪና እንዳይገባ ብዙ ቦታ በብረት አግዳሚ ተዘግቷል፤ አግዳሚው ጎን የብስክሌት ማለፊያ ይተዋል፣ የጎን ቦርሳ የጫነ ሰው ግን ወርዶ ካልገፋ ይሰካል።

ግድቡ ላይ ሆኖ ወንዙን ሁልጊዜ አያለሁ ማለት ስሕተት ነው። በግድቡና በወንዙ መካከል ጎሌና የሚሉት ረባዳ አለ፤ በረድፍ በተተከለ የፖፕላር ዛፍ ይሸፈናል። ወደዚያ የሚወርዱ የአፈር መንገዶች ያምራሉ፣ ጥላም አላቸው። ነገር ግን ወንዙ ሲሞላ መጀመሪያ የሚዋጡት እነሱ ናቸው፤ ጎርፍ ከሸሸ በኋላም ለቀናት የሚቆይ ጭቃ ያስቀምጣል። ይህ ጭቃ የመረሬ ጭቃ ወንድም ነው፤ በፓራፋንጎና በጎማ መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ወደ ጎሌና አለመውረድ ነው።

ከግድብ ወደ መንደር የሚያወርዱት መንገዶች አጭርና ቀጥ ያሉ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ፍሬን ያልነካ እጅ እዚያ ላይ ይደነግጣል። ከታች መታጠፊያው ላይ ልቅ ጠጠር ይከማቻል፤ ፍሬኑ ገና ከላይ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት መያዝ አለበት፣ መታጠፊያው ውስጥ ሲይዙት የፊት ጎማ ይንሸራተታል። በዚያ አገር ሰዎች የሚወድቁት ባብዛኛው በእነዚህ 30 ሜትር በማይሞሉ ቁልቁለቶች ላይ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። በእርሻ መንገዶች ግራና ቀኝ ደግሞ ጥልቅ የመስኖ ቦይ አለ፤ መከለያ የለውም፣ በሣር ተሸፍኖ አይታይም። ለመኪና ቦታ ልልቀቅ ብሎ ወደ ጠርዝ የሚጠጋ ሰው ቦዩ ውስጥ ይገኛል። ከመጠጋት መቆም ይሻላል።

ኩርንችት እዚያም አለ። በተለይ ክረምታችን ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በበጋቸው መጨረሻ፣ በግድቡ ዳርና በአሸዋማ ቦታ ላይ ደርቆ ይጠብቃል። ምሳ ሲበሉ ብስክሌቱን ሣር ላይ ማስተኛት የሚያስከፍለው ዋጋ ይኸው ነው። እሾሁ ጎማ ውስጥ ከተገኘ ወዲያው አይነቀል፤ መጀመሪያ መቀየሪያ ከመነዳሪውና ፖምፓው ይዘጋጅ፣ ከዚያ የጎማው ውስጥ በጨርቅ ይዳሰስ፤ በጣት ሲዳስሱ ጣት ይቆረጣል፣ አንዱን ነቅለው ሌላውን ሲረሱ ደግሞ አዲሱ ከመነዳሪ በአምስት ደቂቃ ይተነፍሳል። ለአንድ ቀን ዙር ሁለት ከመነዳሪ፣ ስድስት ልጥፍ፣ ማስቲሽ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ፣ 4 እና 5 ቁጥር ማዕዘን ቁልፍና ትንሽ ፖምፓ ይበቃሉ። ሌላው ሸክም ነው። አጠቃላዩ ጓዝ ከ8 ኪሎ አይለፍ፤ በጀርባ ሳይሆን ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። የጀርባ ቦርሳ ሜዳ ላይ መቀመጫን ሁለት ጊዜ ይቀጣል።

ውኃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ይታሰብ። ግድቡ ላይ ቧንቧ የለም፤ መንደር መውረድ ያስፈልጋል። መንደሩ የት እንዳለ የሚነግረው የቤተ ክርስቲያኑ የደወል ማማ ነው፤ ከ5 ኪሎ ሜትር ላይ ይታያል፣ ከካርታ ይልቅ በእሱ መመራት ይቻላል። የአደባባይ ቧንቧ ላይ ኖን ፖታቢሌ የሚል ካለ አይጠጣም።

በዙሩ ላይ የሚታየውን ጽሑፋችሁ ስለዘረዘረ ሦስት ነገር ብቻ እናክል። ፒዬቶሌ ባለቅኔው ቨርጂል የተወለደበት መንደር ነው ተብሎ ይታመናል። በሚንቾ ዳር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ452 የሮሙ ጳጳስ ልዮን ከሁኖቹ ንጉሥ ከአቲላ ጋር ተገናኝቶ እንደመለሰው ይተረካል፤ ጎቬርኖሎዎች ቦታው የእኛ ነው ይላሉ። የእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አንባቢ ይህን ልዮን በሌላ ጉዳይ ያውቀዋል፤ ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ451 የተካሄደው የኬልቄዶን ጉባኤ ልዮን እሱ ራሱ ነው። ሳን ቤኔዴቶ ፖ ላይ ያለው የፖሊሮኔ ገዳም ደግሞ በ1007 የተመሠረተ ነው። የአካባቢው ገዥ የነበረችው የካኖሳዋ ማቲልዳ በ1115 እዚያ ተቀብራ ነበር፤ አፅሟ ከ500 ዓመት በኋላ ወደ ሮም ተወስዶ መቃብሩ ባዶውን ቀርቷል። ብስክሌት ውጭ ይታሰራል፤ ሲታሰር ቁልፉ በቸርኬው ብቻ ሳይሆን በዋናው ብረትና በቆመ ነገር ላይ ይለፍ፣ ጎማ ብቻውን ከታሰረ ጎማ ብቻውን ይጠብቃል።

ስለ ምግብ የጻፋችሁት ለወሎ አንባቢ ጎዶሎ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጠይቀው አንድ ነገር አለና። ማንቶቫ ውስጥ ስትራኮቶ ዲ አዚኖ የሚባል ወጥ በምግብ ዝርዝር ላይ ያጋጥማል። አዚኖ አህያ ነው። ሪዞቶ አላ ፒሎታ የሚባለው የሩዝ ምግብ የአሳማ ሥጋ አለበት። ሰው ልብ የማይለው ግን ዳቦው ነው፦ ዙሩን የቀጠለ ሰው የሚደርስባት ፌራራ ከተማ ላይ ኮፒያ የሚባለው፣ አራት ቀንድ ያለው የተጠማዘዘ ዳቦ ስትሩቶ ይገባበታል፤ ስትሩቶ የአሳማ ስብ ነው። ሴንሳ ስትሩቶ ማለት ያለ እሱ ማለት ነው። የሁለቱም ከተሞች ኩራት የሆነው በዱባ የተሞላው ፓስታ፣ ማንቶቫ ላይ ቶርቴሊ፣ ፌራራ ላይ ካፔላቺ የሚሉት፣ በቡሮ ኤ ሳልቪያ ሲታዘዝ በቅቤና በቅጠል ብቻ ይመጣል፤ ዝም ከተባለ ፌራራ ላይ የሥጋ ስጎ ሊደረግበት ይችላል። እንቁላልና አይብ ስላለው ለጾም አይሆንም። ጾመኛ ስፓጌቲ አል ፖሞዶሮ አዝዞ ሴንሳ ፎርማጆ ቢል፣ ወይም የበቆሎ ገንፎ የሆነችውን ፖሌንታ ቢጠይቅ ያዋጣዋል። ከሁሉም በላይ ሰዓት፦ ወጥ ቤቶች ምሳ የሚሰጡት ከ12 እስከ 14 ባለው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ስምንት ተኩል ላይ መንደር የደረሰ ጋላቢ ተቀቅሎ የቀረ ነገር አያገኝም፤ ሱቁም ተዘግቷል። ሙዝና ዳቦ ከማንቶቫ ይያዝ።

ሕጉ አጭር ነው። ከከተማ ውጭ በአንድ ረድፍ እንጂ ጎን ለጎን መሄድ ክልክል ነው። ፀሐይ ከገባች ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት ግዴታ ነው፤ ከከተማ ውጭም አንጸባራቂ ሰደርያ ይለበሳል፣ በዋሻ ውስጥም እንዲሁ። ደወል ግዴታ ነው። ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ ነጭ ብስክሌት ካለ የብስክሌት መንገድ ነው። በካርታ ላይ ኤስ ኤስ የተጻፈበት መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ ይሽሹት፤ ኤስ ፒ የተሻለ ነው። የፖ ድልድይ ላይ ግን ማምለጫ የለም፤ ቀጥ ብሎ፣ በአንድ ረድፍ፣ ሳይዘገዩ ማለፍ ነው።

ባቡር ላይ ብስክሌት የሚጫነው ሬጆናሌ በሚባሉት ዝግተኛ ባቡሮች፣ የብስክሌት ምልክት ባለበት ፉርጎ ነው። ለብስክሌቱ የተለየ የቀን ቲኬት ይቆረጣል፤ 3.50 ዩሮ አካባቢ ነው። የወረቀት ቲኬት ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ካልተመታ እንዳልተቆረጠ ይቆጠራል፣ ቅጣትም አለው። ቦርሳዎቹን አስቀድሞ መፍታት ነው፤ ደረጃው ከፍ ያለ ፉርጎ ይመጣና ሃያ አምስት ኪሎ ብረት ይዞ መታገል ይሆናል። ቪዛው ሸንገን መሆኑን፣ የሕክምና መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን እንዳለበት ጽሑፋችሁ ሳይጠቅስ አልፏል።

ወቅቱ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ ወይም መስከረምና ጥቅምት ይሁን። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ አልፎ ወበቁ ከባቲ ይብሳል፤ ትንኙም አያስቀምጥም። ሆኖም በማንቶቫ ሐይቆች ላይ የሎተስ አበባ የሚፈነዳው በዚያው ጊዜ ነው፤ እሱን ልይ የሚል ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ 5 ሰዓት ላይ ይጨርስ። ከኅዳር እስከ ጥር ጉም ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ የጦሳ ተራራ ጉም ፀሐይ ስትወጣ የሚቀር ነው፣ የፖ ጉም ግን ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ያን ጊዜ ግድብ ላይ መንዳት አይመከርም።

ጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ ቁጥር መታረም አለበት። ዙሩን ወደ ፌራራ ለመቀጠል ከሳን ቤኔዴቶ 60 ኪሎ ሜትር ነው ብላችኋል። 60 የሚሆነው በቀጥታ መስመር ሲለካ ነው። ግድቡ ከወንዙ ጋር ስለሚጠማዘዝ በሬቬሬና በሴርሚዴ፣ በስቴላታ በኩል ከ80 በላይ ይሆናል። የ20 ኪሎ ሜትር ልዩነት ከፊት ነፋስ ጋር ሁለት ሰዓት ነው፤ መብራት ያልያዘ ሰው መንገድ ላይ ይመሽበታል። ከፌራራ ወደ ማንቶቫ መመለሻው በሱዛራ ባቡር ቀይሮ ነው።

ልምምዱን በተመለከተ ሐረጎ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ያለው የጨፋ ሜዳ ነው። ሲኖትራኩ ስለሚበዛ በጠዋት፣ ደማቅ ልብስ ለብሶ፣ ጎማ ጎማውን ሳይሆን አስፋልቱን እያዩ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ፔዳል ሳያቆሙ መንዳት ነው። መጀመሪያ የሚደነዝዘው የት እንደሆነ ይታወቃል። ከፊት ለፊት ከሆነ የመቀመጫው አፍንጫ በጣም ትንሽ ዝቅ ይበል፤ መዳፍ ከሆነ መቀመጫው ወደ ፊት እየወረወረ ስለሆነ አፍንጫው ይነሣ። ጉልበት ከፊት ካመመ መቀመጫው አጥሯል፣ ከኋላ ካመመ ረዝሟል። መነሻ ልኩ ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዝ ነክቶት እግር ሲዘረጋ ነው፤ ከዚያ በግማሽ ሴንቲ ሜትር እየጨመሩ እየቀነሱ መሞከር። የሚስማማው ሲገኝ ከፔዳሉ ጋሪ መሀል እስከ መቀመጫው አናት በሜትር ይለካ፤ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ፓስፖርቱ ውስጥ ይቀመጥ። ማንቶቫ ላይ ብስክሌቱን ሲረከቡ ለአከራዩ መስጠት ያለባችሁ የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ብስክሌት ጠጋኞችና ጋላቢዎች
ከኮምቦልቻና ከደሴ